«ዕቁባችን ኢንቨስትመንት ካምፓኒ ሆኖ ከታክስ ይድናል ወይ?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። 38 ሆነን በየወሩ 300 ዶላር እያዋጣን አክሲዮን እንገዛለን። ስንጀምር ዕቁብ ነበርን፤ ካቻምና ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አቋቋምን። ሦስት ልጆች ገበያውን እያዩ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፤ ሌሎቻችን በዜል እንልካለን። አንዷ አባላችን አዲስ አበባ ናት። አንድ ወንድማችን «ሬጉሌትድ ኢንቨስትመንት ካምፓኒ ከሆናችሁ ድርጅቱ ታክስ አይከፍልም፤ የሚሞላውም አንድ ፎርም ብቻ ነው» ብሎናል። ምን ምን ወረቀት ያስፈልገናል? የመዝገባችንን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድማችሁ ስለ ታክሱ ያለው ከሞላ ጎደል ልክ ነው። እንዲህ ያለ ካምፓኒ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ፣ ለምሳሌ ሚውቹዋል ፈንድ) ከትርፍ ድርሻ፣ ከወለድና ከመሳሰለው ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖች ካከፋፈለ፣ ባከፋፈለው ላይ ድርጅቱ ራሱ ታክስ አይከፍልም። ፎርሙም አለ፤ 1120-አርአይሲ ይባላል። «አንድ ፎርም ብቻ» ያለው ላይ ግን ተሳስቷል። ያንን ፎርም ለመሙላት ድርጅቱ አስቀድሞ በ1940ው የኢንቨስትመንት ካምፓኒ ሕግ መሠረት የአክሲዮን ገበያውን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ኤስኢሲ ዘንድ መመዝገብ፣ የታክስ ዓመቱንም በሙሉ እንደተመዘገበ መቆየት አለበት።

ተመዘገባችሁ እንበል። አክሲዮን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት 100,000 ዶላር የተጣራ ሀብት ይጠየቃል። ከቦርድ አባላቱ ቢያንስ 40 በመቶዎቹ ከድርጅቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው መሆን አለባቸው። ኦዲተር አለ፤ የሕግ መከበርን የሚከታተል ሹም አለ። የያዛችሁትን አክሲዮን በየወሩ ዘርዝራችሁ በኤን-ፖርት ፎርም፣ ዓመቱ ባለቀ በ75 ቀን ውስጥ ደግሞ በኤን-ሴን ፎርም ለኤስኢሲ ታሳውቃላችሁ፤ ለባለአክሲዮኖች በየስድስት ወሩ ሪፖርት ይላካል። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስም ቢሆን 90 በመቶው ብቻውን አይበቃም። ከመደበኛው ገቢ 98 በመቶ፣ እስከ ኦክቶበር 31 ከተገኘው የካፒታል ትርፍ 98.2 በመቶ በዓመቱ ውስጥ ካልተከፋፈለ በጎደለው ላይ 4 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ አለ፤ እሱም የራሱ ፎርም አለው፣ 8613።

አንዲት ደብዳቤ ግን ሁልጊዜ ፈገግ ታሰኘኛለች። ካምፓኒው የታክስ ዓመቱ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ለትልልቅ ባለአክሲዮኖች እየጻፈ «በስምዎ የተመዘገበው አክሲዮን በእርግጥ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ባለአክሲዮኖቹ 200 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ግማሽ በመቶ ያለው ሁሉ ይጠየቃል፤ እናንተ 38 ስለሆናችሁ ደብዳቤው ለሁላችሁም ይደርሳል ማለት ነው። «በእህቴ ስም ነው የገባሁት» የሚል ሰው በማይታጣበት ማኅበር ምን ዓይነት መልስ እንደሚመጣ እርስዎ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ብታልፉ እንኳ በፎቶው እንዳየሁት ከገንዘባችሁ ከግማሽ በላይ ያለው በአንድ የቺፕ አምራች አክሲዮን ላይ ነው። ሕጉ በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከሀብቱ ከ25 በመቶ በላይ በአንድ ድርጅት ሰነድ ላይ እንዲሆን አይፈቅድም። ስለዚህ ይህን መንገድ አልመክራችሁም።

ደግሞም የፈለጋችሁት ነገር በእጃችሁ አለ። ከአንድ በላይ አባል ያለው ኤልኤልሲ ሌላ ምርጫ ለአይአርኤስ ካላሳወቀ እንደ ሽርክና ይቆጠራል፤ ሽርክና ደግሞ ራሱ የፌዴራል ገቢ ታክስ አይከፍልም። ማስገባት ያለበት ፎርም 1065 ነው፤ ለእያንዳንዱ አባል ደግሞ የትርፍና ኪሳራ ድርሻውን የሚያሳይ ኬ-1 ይሰጣል፤ ቀኑ ማርች 15። በፎርም 7004 አስቀድሞ ከተጠየቀ ስድስት ወር ይራዘማል። ለቨርጂኒያም የራሱ የታክስ ፎርም አለ፤ የኤልኤልሲውን ምዝገባ ለማደስ ደግሞ በየዓመቱ 50 ዶላር ይከፈላል።

ካቻምና ካቋቋማችሁ ወዲህ 1065 ስለማስገባታችሁ ግን በጥያቄው ውስጥ አንድም ቃል አላየሁም። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ቅጣቱ የሚቆጠረው በአባል ብዛትና በወር ነው፤ በአንድ ሰው በወር ከ200 ዶላር በላይ፣ እስከ 12 ወር ድረስ። በ38 ሰው ሲባዛ በወር ከ7,600 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ያውም ትርፍ ባይኖርም። ካላስገባችሁ አሁኑኑ አስገቡ። የመጀመሪያ ጥፋት ከሆነ ቅጣቱ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይነሣል።

መዝገባችሁ ስምና «ሰጠ» «አልሰጠ» ብቻ ነው። ይህ ለዕቁብ ይበቃል፤ ኬ-1 ግን በዚህ አይሠራም። በኦገስት የወጣው አባል 6,200 ዶላር ወስዷል፤ የዚያን ቀን ድርሻው ስንት ያወጣ እንደነበር የትም አልተጻፈም። በየወሩ የሀብቱን ዋጋ አስሉ፣ ድርሻውን በዩኒት ከፋፍሉ፣ የሚገባም የሚወጣም በዚያ ወር ዋጋ ይሁን።

አዲስ አበባ ያለችው እህታችን የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆነች የውጭ አገር ሰው መሆኗን የሚገልጸውን ፎርም ደብሊው-8ቤን ትሙላ። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው ከትርፍ ድርሻዋ ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ለአይአርኤስ ይገባል፤ የተቀነሰውን ለማሳወቅም ፎርም 1042 እና 1042-ኤስ ይሞላሉ። አክሲዮን የምትገዙበት ደላላ ድርጅት የሚያውቀው ኤልኤልሲውን ብቻ ስለሆነ እሱ አይቀንስላችሁም፤ ኃላፊነቱ የናንተ ነው።

የቀረው የሦስቱ ልጆች ጉዳይ ነው። አባላት ሁሉ በምርጫው እየተሳተፉ ከሆነ የአባልነት ድርሻችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ (ኤስኢሲ እንደሚቆጣጠረው የኢንቨስትመንት ሰነድ) አይቆጠርም። 35 ሰው ገንዘብ ልኮ ዝም የሚል ከሆነ ግን ሊቆጠር ይችላል፤ ልጆቹ አበል የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ እንደ ኢንቨስትመንት አማካሪ የመመዝገብ ጥያቄም ይነሣል። በወር አንድ ጊዜ በዙም ተሰብሰቡ፣ ድምፅ ስጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ከ100 ሰው አትለፉ፤ በፌስቡክም በቲክቶክም «ኑ ተቀላቀሉን» አትበሉ፤ ከኤስኢሲ ምዝገባ ነፃ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው።

የመተዳደሪያ ስምምነታችሁን ሳላነብ ከዚህ በላይ አልሄድም። ለዛሬ ግን ገንዘብ ያዡ ጋ ደውለው፣ ያለፈው ዓመት 1065 ገብቶ ከሆነ ቅጂውን እንዲልክልዎ ይጠይቁት።