ከአሮጌ በርሜል የግቢ ኩሬ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ግቢ አትክልት ስጽፍ በርሜሌን በአንድ መስመር ጠቅሼው ነበር። ለሁለት የተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ውስጡ ደንገልና ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች አሉበት። ከዚያ ወዲህ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ እሱ ሆነዋል። የተወሰኑትን ዛሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ አሮጌ ሳፋ፣ የተሰነጠቀ ጋንና የቆርቆሮ በርሜል አለኝ። የትኛው ይሻላል? (ከቃሊቲ)

ጋኑ። ሳፋው ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይጎድላል። የቆርቆሮ በርሜል ይዝጋል፤ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ዓሣ ይጎዳል። የጋኑን ስንጥቅ ከውስጥ በሲሚንቶ ይድፈኑት። ሲደርቅ ውሃ ይሙሉበትና ለሁለት ሦስት ሳምንት ውሃውን እየደፉ ይቀያይሩ። አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ለዓሣም ለተክልም አይሆንም። ሸክላ ስለሚያልበው በየቀኑ ትንሽ መሙላት ይኖርብዎታል።

መግዛት ካሰቡ ምናለሽ ተራ ይሂዱና የ200 ሊትር ፕላስቲክ በርሜል ይጠይቁ። መጀመሪያ ግን ምን እንደነበረበት ይወቁ። የምግብ ዘይት ከነበረ በሳሙና ይለቃል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ሻጩ ካላወቀ ይለፉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ባለቤቴ «ወባ ልትጠሪብን ነው» እያለ ከለከለኝ። እውነቱን ነው? (ከድሬዳዋ)

እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ከሁሉም ጥያቄ ይሄኛው ነው ያሳሰበኝ።

እኛ የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ነው የምትራባው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ግን ከተማ ለምዳለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይመቻታል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ ጋር ያያያዟት እሷን ነው። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ትወዳለች።

በሙቀት አገር እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል። «ፏፏቴ ስላለው አይራባም» የሚሉ አሉ። አትመኑ። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው ይቆማል፤ ባይቆምም ዳር ዳሩ የረጋ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ሆኜም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሲኒ ይዤ እወጣለሁ። ከበርሜሉ ዳር ቀድቼ ብርሃን ላይ አየዋለሁ። የተራዋ ቢንቢ እጭ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። የወባዋ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ብላ ነው የምትታየው። ጥላ ሲያርፍባቸው ሁለቱም እየተወራጩ ወደ ታች ይሰምጣሉ። አንዴ እጩን የሚበሉልኝ ዓሣዎቼ ሞተውብኝ ሳልተካ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ሲኒዬ ውስጥ ስምንት እጭ ቆጠርኩ። በዚያው ሰዓት በርሜሉን ገለበጥኩት።

ስለዚህ እህቴ፣ ድሬ ላይ የረጋ ውሃ አይያዙ። ሰፋ ያለ የሸክላ ሳህን ለወፎች ያስቀምጡ። ማታ ማታ ውሃውን አበባው ሥር ይድፉት፣ ሳህኑን በብሩሽ ፈትገው ጠዋት አዲስ ይሙሉ። መፈተጉን አይርሱ፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ይቆያል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እምቦጭ ከጣና ዳር አምጥቼ በርሜል ውስጥ ላሳድግ አስቤያለሁ፤ አበባው ያምራል። (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። አበባው ማማሩን አልክድም። ግን እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የከረመው አረም ነው። ክረምት በርሜልህ ሞልቶ ቢፈስ አንድ ቁራጭ ይበቃል።

ደንገል ትከል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አጠገብህ አለልህ። ሥሩን አፈር በሞላ ባልዲ ውስጥ ትከለው፣ ላዩን ጠጠር አልብሰው፣ ከነባልዲው በርሜሉ ውስጥ አስቀምጠው። ባልዲው ሥሩን ይገድበዋል። የውሃውን ገጽ ከግማሽ በላይ ቅጠል ወይም ጥላ ከሸፈነው ውሃው ቶሎ አረንጓዴ አይሆንም። ዓሣ ከፈለግህ ቆሮሶ ግማሽ በርሜል አይበቃውም። ሁለት ትንንሽ ጎልድፊሽ ይሻላሉ። ዓሣ ከመልቀቅህ በፊት የቧንቧውን ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየው፣ ክሎሪኑ ይውጣ። ዓሣዎቹ ሲያድጉብህም ሐይቅ ውስጥ እንዳትለቃቸው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ባልኮኒ ላይ ግማሽ በርሜል ይቻላል?

አይቻልም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ከነዕቃው ከ100 ኪሎ በላይ አንድ ቦታ ላይ ሊያርፍ ነው። ከ15 ሊትር የማይበልጥ ማሰሮ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት የመጣ እንስራ አለኝ። ክረምቱን ደጅ ቢያድር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ይሰነጠቃል። ሸክላው ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው በረዶ ሲሆን ይለጠጣል። ብርዱ ሳይገባ ባዶ አድርገው፣ አድርቀው ቤት ያስገቡት።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጅ አለን። ምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል? (ከሐዋሳ)

ልጁ እስኪያድግ ክፍት ውሃ አይኑራችሁ። ሕፃን ልጅ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ እንኳ ፊቱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። «ዓይኔን አልነቅልም» ማለት አይበቃም።

የውሃ ድምፅ ከናፈቃችሁ ሌላ መላ አለ። ባልዲ መሬት ውስጥ ቅበሩና ትንሽ ፓምፕ አስገቡበት። አፉን ትንኝ በማያሳልፍ ወንፊት ሸፍኑት። በላዩ የልጅ ክብደት የሚችል ጠንካራ የብረት ፍርግርግ ግጠሙና ድንጋይ ደርድሩበት። መሃሉ ላይ ሥሩ የተበሳ እንስራ አቁሙ። ከፓምፑ የሚመጣው ጎማ በቀዳዳው ይግባ፤ ዙሪያው በሲሊኮን ይደፈን። የእንስራውን ሆድ እስከ አፉ በጠጠር ሙሉት። ውሃው በአፉ ሞልቶ በጎኑ እየተንቆረቆረ ይወርድና በድንጋዩ መሃል ወደ ባልዲው ይመለሳል። ወንፊቱ እንዳልተቀደደ በየሳምንቱ እዩ። የፓምፑን ገመድ ሶኬት ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች አጥፋችሁ አንጠልጥሉት፤ ገመዱን ተከትሎ የሚመጣ ውሃ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።