«የአያቴ ሰንበት ስሕተት ነው» ያለችኝ ልጅ

ጥያቄ፦ የምኖረው በእስራኤል ነው። የ12 ዓመት ልጄ በመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ትማራለች። በቅርቡ ዓርብ ማታ ሻማ አብርታ ምግቡን ፕላታ (የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ምጣድ) ላይ ስታስቀምጥ፣ አብራን የምትኖረው እናቴ «በሰንበት እሳት?» ብላ ከገበታ ተነሣች። ልጄም «የአያቴ ሰንበት ስሕተት ነው፤ መምህራችን እንዲህ አላስተማረችንም» አለችኝ። አሁን «አቮዳት ሾራሺም» የሚሉትን የቤተሰብ ታሪክ ሥራ እንድትጽፍ ታዛ አያቷን አልጠይቅም ብላለች። በወላጆች ስብሰባ ላይም የምታስተረጉምልኝ እርሷው ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እናትዎ ከገበታ የተነሡበትን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያ ማዕድ ላይ ሁለቱም ወገን የተጎዱት ሰንበትን ስለሚወዱ ነው።

አያትና የልጅ ልጅ የተለያዩት በአንድ የኦሪት ቃል ላይ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን እሳት እንዳይነድ የታዘዘውን የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) አባቶች የጠበቁት ሰንበት ሳይገባ እሳቱን በማጥፋት፣ ዓርብ የተዘጋጀውን ምግብም ቀዝቃዛ እንደሆነ በመብላት ነበር። ረቢዎቹ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) ግን የተከለከለው በዕለቱ ማንደድ እንጂ ቀድሞ የተለኮሰ እሳት አይደለም ብለው ተረጎሙት፤ የዓርብ ማታውን ሻማም ግዴታ አደረጉት። የረቢዎቹ ትርጓሜና ሕግ የተጻፈበት ታልሙድ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መንደሮች አልደረሰም ነበርና፣ እናትዎ ከልጅነታቸው የጠበቁት ከኦሪት በቀጥታ የተቀዳ ሥርዓት ነው። ሐኑካም በአገር ቤት ያልተከበረው ከኦሪት በኋላ የመጣ በዓል በመሆኑ ነው። ለልጅዎ ይህንን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ባት ሚጽቫ (ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ ለትእዛዛቱ የምትደርስበት ዕድሜ) የደረሰች ልጅ ከእንግዲህ ትእዛዛቱን የምትጠብቀው በራሷ ኃላፊነት እንደሆነ ተነግሯታል፤ አያቷን የምታርመውም አብዛኛውን ጊዜ ከትጋት ነው። ከትጋቱ ሥር ግን ፍርሃት ሊኖር ይችላል፤ አይሁዳዊነቷን የክፍል ጓደኞቿ እንዳይጠራጠሩባት ትሰጋ ይሆናል። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት አይሁዳዊነታቸውን በመጠራጠር ከኢትዮጵያ የመጡት በሚክዌ (በመንጻት ሥርዓት መታጠቢያ) ውኃ ይጥለቁ ማለቱን በመቃወም ማኅበረሰባችን በኢየሩሳሌም ለሳምንታት አደባባይ ተቀምጦ ነበር። ይህ ቁስል በብዙ ቤቶች ባይነገርም ልጆች ይሰማቸዋል።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ማን ትክክል እንደሆነ በእርሷ ፊት አይፍረዱ። በሌላ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «ትምህርት ቤት የተማርሽውን አከብራለሁ፤ አያትሽ የጠበቀችውም ኦሪት ነው፤ ሁለቱም እንዴት ከአንድ ቃል እንደወጡ አብረን እንይ» ይበሏት። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣ በዕብራይስጥ ታንብብልዎ፤ እርስዎም በአማርኛ ያንብቡላት። እርስዎም ከእርሷ ለመማር መቀመጥዎን ስታይ፣ አያቷን መስማት እንደ ሽንፈት አይቆጠርባትም።

አጥብቄ የምለምንዎ ግን የወላጆች ስብሰባውን ነው። በ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የራሷን ወቀሳና የእናቷን መልስ ማሸከም አይገባም። ስታስተረጉም የሚያሳፍራትን ትዘላለች፣ የምትፈራውን ታለዝባለች፤ ቀስ በቀስም በቤቱ ውስጥ ነገሩን የምታውቀው እርሷ፣ የማታውቁት እናንተ ትሆናላችሁ። አያቷን ደፍራ ያረመችበት ድምፅ በከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለሚቀጥለው ስብሰባ አማርኛ የሚችል አዋቂ እንዲገኝ ትምህርት ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከሌለ የሚያምኑትን ዘመድ ይዘው ይሂዱ። ለእርሷም «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ተማሪ ብቻ ነሽ» ይበሏት።

የቤተሰብ ታሪኩን በተመለከተ አያስገድዷት። እናትዎ ስለ ስግድ በዓላችን ያውሩ፦ በጾም ወደ ተራራ መውጣቱን፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ማንበባቸውን፣ ከተራራው ሲወርዱ መብላቱን። ልጅቷ ባትጠይቅም እርስዎ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ቅጂውን ምንም ሳይሉ ያስቀምጡላት። ስግድ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ 50ኛው ቀን ላይ የሚውል፣ ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ያጸደቀው ብሔራዊ በዓል ነውና፣ መምህሯ አያቷን ወደ ክፍል እንድትጋብዝ መጠየቅም ይችላሉ። ይህን ሲያደርጉ ግን ልጅዎ አስቀድማ ፈቃደኛ መሆኗን ያረጋግጡ።

ለመጪው ዓርብ ደግሞ ሻማው ሰንበት ሳይገባ ይብራ፣ ከእናትዎ መቀመጫም ትንሽ ራቅ ይበል፤ የእናትዎ ምግብ ከፕላታው ውጭ ይቅረብላቸው፣ ዳቦውን ቆርሳ የምትሰጣቸውም ልጅቷ ትሁን።