የክፍት ስብራት ጥናት፦ ካርዱን ከመክፈትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል ባለፉት 3 ዓመታት በክፍት (ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ከውጭ በተገናኘ) የቅልጥም ስብራት ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ወደ 120 ሰዎች ካርድ አለ። የኢንፌክሽኑንና ያለመግጠሙን መጠን ከተያያዥ ምክንያቶቹ ጋር ላጠና አስቤያለሁ። ምን ምን ልሰብስብ? ቁጥሩስ ይበቃል?» እስካሁን የተሰጡት መልሶች ስለ ሶፍትዌርና ስለ ፎርም ናቸው። እነሱ ቆይተው ይደርሳሉ። ይህ ጥናት የሚቆመውም የሚወድቀውም ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው።

ከ120ው ውስጥ ለቀጠሮ ተመልሰው የታዩት 70 ናቸው፣ ከነሱም 14ቱ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል እንበል። 14ን ለ120 አካፍለሽ 11.7 በመቶ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያላየሻቸውን 50 ሰዎች በሙሉ «ደህና ናቸው» ብለሽ ፈርመሻል። ለ70 ካካፈልሽ 20 በመቶ ይመጣል፤ ይሄም የቀሩት ከመጡት አይለዩም የሚል ግምት ነው። የቀሩት ሁሉ ቁስላቸው አመርቅዞ ከሆነ ደግሞ 53.3 በመቶ ይደርሳል። ሦስቱንም ቁጥሮች በግልጽ አስቀምጪ፤ አንባቢው እርግጠኝነቱ የት ድረስ እንደሆነ ይይ። ሰው ከቀጠሮ የሚቀረው በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ነውና፦ ወይ ድኖ ሞፈሩን ጨብጧል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ወጌሻ ጋ፣ ጠበል ወይም ሌላ ሆስፒታል ሄዷል።

በእኛ ዞን ላይ ይሄ በተለይ ይበረታል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁስሉ የተበላሸበት ሰው ከመንዝ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ እናንተን አልፎ ሊሄድ ይችላል። «ሪፈር የተጻፈለት» እና «የጠፋ» ለየብቻ ይመዝገቡ። በተቃራኒው አዲስ አበባ ተሠርቶ መግል ይዞ እናንተ ጋ የመጣ ሰው 14ቱ ውስጥ እንዳይገባ፤ አካፋዩ ውስጥ የሌለ ሰው ተካፋዩ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ስም ዝርዝሩን ከካርድ ክፍል ወይም ከተኝቶ ታካሚ መዝገብ ሳይሆን ከኦፕሬሽን ክፍሉ መዝገብ ጀምሪ፤ አንድም ሰው ሳይዘለል በተርታ።

ቀጥሎ ስልክ ነው። ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአስታማሚው ወይም አምቡላንስ ያስጠራው ሰው ነው። ለወደፊቱ ሦስት ቁጥር ይያዝ፦ የራሱ፣ አንድ ቤት የሚኖር ዘመድ፣ ጎረቤት። ላለፉት ግን በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መድረስ ይቻላል። ገበሬን ቀን ላይ አትደውይለት፤ አመሻሽ ላይ ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፣ በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ፤ በነዚህ ወራት የቀረ ሰው ጠፋ አይባልም፣ ቀጠሮው ይራዘምለት። በስልክ የምትጠይቂው አጭር ይሁን፦ ከቁስሉ መግል ወይም ውሃ ይወጣል? ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሌላ ኦፕሬሽን ተደርጎልዎታል? የት? ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ? ቁጢጥ ብለው ይነሳሉ? ካርድ ለማየት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቢበቃም፣ ስልክ ለመደወል ግን የታካሚው የቃል ፈቃድ በፕሮቶኮሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። ይሄ ተረስቶ ሥራው መሀል ላይ የሚቆም ጥናት አለ።

የቁጢጡ ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። ሳይን የተባለው፣ ያለ ሲ-አርም (በኦፕሬሽን ጊዜ የሚያሳይ የኤክስሬይ ማሽን) የሚገባውን ኔል (አጥንት ውስጥ የሚገባ ዘንግ) የሚያቀርበው ድርጅት ለክትትል የሚጠይቀው ኤክስሬይ ብቻ አይደለም፤ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የተነሳ ፎቶም ይጠይቃል። ጉልበት ታጥፎ፣ ቁርጭምጭሚት ተለጥጦ፣ ክብደት በሁለት እግር ላይ ወርዶ መነሳት የሚችል ሰው ስብራቱ ሳይገጥም አይቀርም። እርሻ ለሚያርስ፣ መሬት ላይ ለሚቀመጥ ሕዝብ ከውጭ ከመጣ ረጅም መጠይቅ ይልቅ ይሄ ብዙ ይናገራል። ፊቱ ሳይታይ በጎረቤት ስልክ ተነስቶ ሊላክ ይችላል።

አሁን ወደ ትርጉሙ። «ኢንፌክሽን» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አንዱ መረጃ ሰብሳቢ የቀላ ስፌትን፣ ሌላው ከኔሉ ጫፍ የሚፈስ መግልን እኩል ይቆጥራል። ከስብራት ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽንን በተመለከተ በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አረጋጋጭና ጠቋሚ ምልክቶችን ይለያል። አረጋጋጩ፦ እስከ አጥንት ወይም እስከ ብረቱ የሚደርስ ቀዳዳ ወይም የተከፈተ ቁስል፣ ከቁስሉ የሚወጣ ወይም በኦፕሬሽን ጊዜ የተገኘ መግል፣ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ጥልቅ ናሙናዎች የበቀለ አንድ ዓይነት ጀርም፣ በፓቶሎጂ የታየ ጀርም። ትኩሳት፣ መቅላት፣ ሲአርፒ (በደም ምርመራ የሚታይ የብግነት ምልክት) ከፍ ማለት፣ በኤክስሬይ የታየ መላላት ጠቋሚ ብቻ ናቸው። ከቁስል ላይ በጥጥ የተጠረገ ናሙና ለዚህ አይሆንም፤ ቆዳ ላይ ያለውን ነው የሚያበቅለው። ካልቸር (ጀርም የማብቀል ምርመራ) በሌለበት ቀዳዳውና መግሉ ይበቁሻል፤ ሁለቱም በዓይን የሚታዩ ናቸው። ጊዜውንም ወስኚ፦ ላይኛው ቁስል እስከ 30 ቀን፣ ጥልቁ ቢያንስ እስከ 90 ቀን። ብረት ላለበት አጥንት አንድ ዓመት ብትከታተዪ ይሻላል፤ ዘግይቶ የሚወጣው ብዙ ነው።

ለመግጠሙ ደግሞ «ገጥሟል፣ አልገጠመም» የሚል ሳጥን አታስቀምጪ። በፊት ለፊትና በጎን ኤክስሬይ ላይ አራቱን የአጥንት ግድግዳዎች ተመልክተሽ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ስጪ፦ ካለስ (ስብራቱን የሚያገናኝ አዲስ አጥንት) ከሌለ 1፣ ካለስ ኖሮ የስብራቱ መስመር ከታየ 2፣ ካለስ ኖሮ መስመሩ ከጠፋ 3። ድምሩ ከ4 እስከ 12 ነው። ገጥሟል የምትይበትን ቁጥር አስቀድመሽ ጻፊ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንብቡት፣ ስምምነታቸውም ይለካ። «አለመግጠም» ለማለት የተለመደው ልክ 9 ወር ሆኖት ባለፉት 3 ወራት ለውጥ የሌለው ስብራት ነው። በ4 ወር ያልገጠመውን «አልገጠመም» ብሎ መመዝገብ ጥናቱን ያበላሸዋል። በ2008 የታተመውና 1226 የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን ሰዎች እስከ አንድ ዓመት የተከታተለው ጥናት ለዚህ ሲባል ድጋሚ ኦፕሬሽንን እስከ 6 ወር አዘግይቷል፤ ቀስ ብለው የሚገጥሙት በራሳቸው ጊዜ ይገጥማሉና። ጠሞ መግጠምንም አትርሺ፦ ወደ ጎን ከ5 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ኋላ ከ10፣ በመዞር ከ10፣ በማጠር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ይመዝገብ። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ልብ በይ፤ የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።

የቁስሉን ደረጃ በተመለከተ ጉስቲሎና አንደርሰን በ1976 ያወጡት፣ በ1984 ሦስተኛው (የከፋው) ደረጃ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ የተከፈለው ምደባ ነው የምትጠቀሚው። ድንገተኛ ክፍል የተጻፈውን አትውሰጂ። ውጪው ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ውስጡ የተቀጠቀጠ ጡንቻና ጭቃ ይሆናል፤ ትክክለኛው ደረጃ ዲብራይድመንት (ቁስሉን ከፍቶ የሞተውንና ቆሻሻውን ማስወገድ) ካለቀ በኋላ የሚጻፈው ነው። ያም ቢሆን በ1994 በተደረገ ፍተሻ በዚህ ምደባ ላይ የሐኪሞች ስምምነት በአማካይ 60 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከደረጃው ጎን ጥሬውን ያዢ፦ የቁስሉ ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ አፈር ወይም ፍግ መኖሩ፣ አጥንቱ በቆዳ መሸፈን መቻሉ፣ የደም ስር መጎዳቱ።

የጊዜ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው «በ6 ሰዓት ውስጥ ታጠበ?» የሚለውን ብቻ ይይዛል። ያ የ6 ሰዓት ደንብ ፍሪድሪክ በ1898 በጊኒ ፒግ ላይ ከሠራው ሙከራ የመጣ ነው። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ የተሰጠበት ሰዓት የበለጠ ዋጋ አለው፦ በ1989 በታተመው ሥራ በ3 ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው 4.7 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለተሰጣቸው 7.4 በመቶ ኢንፌክሽን ታይቷል። በ2015 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ ለሦስተኛው ደረጃ የቅልጥም ስብራት 66 ደቂቃን ወሳኝ አድርጎታል። ከመንዝ ገደል አምቡላንስ እስኪደርስ ያ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄሽ «ሆስፒታል ስንት ሰዓት ተሰጠው?» ሳይሆን «የመጀመሪያው መርፌ የት ተሰጠው?» ይሁን። መልሱ ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያው በላከው የሪፈር ወረቀት ላይ ነው፤ ከካርዱ ውስጥ ፈልጊው። ስለ ማጠቢያውም፣ በ2015 ታትሞ 2447 ሰዎችን ያካተተው ጥናት በሳሙና የታጠቡት 14.8፣ በኖርማል ሳላይን የታጠቡት 11.6 በመቶ ድጋሚ ኦፕሬሽን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል፤ የውሃው ግፊት ለውጥ አላመጣም። በምን እና በስንት ሊትር እንደታጠበ ብቻ ያዢ።

ሰዓት ካነሳን ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው። ድንገተኛ ክፍል ነርሷ «3:30» ብላ ትጽፋለች፣ በእኛ አቆጣጠር። የማደንዘዣው ወረቀት ከሞኒተሩ ወስዶ «10:00» ይላል። ሲቀነስ 6 ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ እውነቱ ግን 30 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ ሰዓት «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል ዓምድ ጨምሪ፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት አካባቢ የሆነውንና ከዜሮ በታች የወጣውን ሁሉ ወደ ካርዱ ተመልሰሽ አረጋግጪ።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለሽ ብታስገቢ ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ወር የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያየው ይጥለዋል፣ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበላትም፤ የቀረው ሳይታወቅ ይገባል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ አስገቢና በኤክሴል እንዲህ አስይው፦ ዓመቱ ሲባዛ በ365፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር፣ ሲደመር ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 የተባዛው፣ ሲደመር ቀኑ። የሁለት ቀኖች ልዩነት ትክክለኛውን የቀን ብዛት ይሰጥሻል። ለመሞከር፦ ከነሐሴ 20 ቀን 2015 እስከ መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. 26 ቀን ሊወጣልሽ ይገባል፤ የዚያን ዓመት ጳጉሜ 6 ነበረችና።

ወጌሻን ከፎርሙ አታስወጪ። ቀርቀሃ ጥብቅ ብሎ ሲታሰር እግሩ ያብጣል፣ እብጠቱ ማሰሪያውን አልፎ መሄድ ስለማይችል ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ደም መድረስ ያቆማል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ክፍት ቁስል ላይ ሲታሽ ደግሞ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው «ወጌሻ ጋ ሄደሃል?» ሲባል ይደብቃል፤ «ከዚህ በፊት ማን አሰረው? ስንት ቀን ታስሮ ቆየ?» በይ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ስለሚሄዱ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይጠየቅ።

ቁጥሩ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ መጠኑን ለመግመት 20 በመቶን ይዘሽ በ5 በመቶ ስህተት ካሰላሽ 246 ሰው ያስፈልጋል፤ 20 በመቶ ይጠፋል ካልሽ 308። 120 ሰው መጠኑን ሰፋ ባለ ክልል ለመናገር ያገለግላል፤ ምክንያት ለመፈለግ ግን ያንሳል። ለአንድ ተለዋዋጭ (ለሚፈተሽ አንድ ምክንያት) ቢያንስ 10 ኢንፌክሽን ያስፈልጋል የሚለውን የቆየ ልክ ብትይዢ እንኳ፣ 14 ኢንፌክሽን የሚችለው አንድ ተለዋዋጭ ነው። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ሲፈተሹ (በነጠላ ትንተና) የስታቲስቲክሱ ፒ ቁጥር ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ሞዴል መክተት እኛ ጋ እንደ ሥርዓት ተይዟል፤ በ14 ሰው 8 ተለዋዋጭ ማስገባት ግን በሚቀጥሉት 14 ሰዎች የሚገለበጥ ቁጥር ያወጣል። ሌላው፣ ውጤቱ ብዙ ሲሆን ኦድስ ሬሾ (በየቡድኑ የያዛቸው ላልያዛቸው ተካፍሎ የሚነጻጸርበት ቁጥር) ያጋንናል፦ 40 በመቶ ከ20 በመቶ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው፣ ኦድስ ሬሾው ግን 2.67 ይላል። «ኤክስተርናል ፊክሴተር (ስብራቱን ከውጭ የሚይዝ ብረት) ኢንፌክሽን ያመጣል» የሚል ውጤት ከወጣልሽም አትቸኩዪ፤ ፊክሴተር የሚታሰረው ቀድሞውንም ቁስሉ ለከፋበት ሰው ነው። በካርድ ላይ ስኳር ወይም ሲጋራ አለመጻፉም «የለበትም» ማለት አይደለም፣ «አልታወቀም» ተብሎ ይገባል።

ፎርሙን ከማባዛትሽ በፊት 10 ካርዶችን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሙሉ። የማይስማሙበት ጥያቄ ወይ ትርጉሙ ይጻፍለት፣ ወይ ይውጣ። ከነዚያ 10 ሰዎች ለስንቱ በስልክ መድረስ እንደቻልሽም ቁጠሪ፤ ከ6 በታች ከሆነ የ3 ዓመቱን ካርድ ትተሽ ከዛሬ ጀምሮ የሚገቡትን ታካሚዎች ተከታተዪ።