ከአንድ ቀንድ ሁለት ውጤት፦ በለጋ የአጋዘን ቀንድ ውስጥ ስቴሮይድን ስለመለካት

ጥያቄ፦ ቀይ አጋዘን አረባለሁ። ገዢዬ በደረቀው ለጋ ቀንድ (ቆዳው ሳይላጥ ገና በማደግ ላይ ሳለ በተቆረጠው) ውስጥ ያለው የቴስቶስትሮንና የኢስትራዲዮል፣ ማለትም የስቴሮይድ ወገን የሆኑት የፆታ ሆርሞኖች መጠን እንዲረጋገጥለት ስለፈለገ፣ ከአንዱ ቀንድ ሁለት ቁራጭ ወስጄ ለሁለት ላቦራቶሪዎች ላክሁ። ውጤቶቹ ግን እጅግ ተራራቁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ቁራጮቹ ከየትኛው የቀንዱ ክፍል እንደተወሰዱ ያጣሩ። የለጋ ቀንድ ጫፍ ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ለስላሳና ቅባት የሚበዛበት ሲሆን፣ ወደ ግርጌው በተወረደ ቁጥር ግን ማዕድኑ እየበዛ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ስቴሮይዶች በቅባት የሚሟሙ ከመሆናቸውም በላይ በቀንዱ ውስጥ የቀረው ደም ይዟቸው ስለሚገኝ፣ ጫፉና ግርጌው አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሰጡ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ሙሉው ቀንድ ደርቆ ይፈጭ፤ ዱቄቱ በሚገባ ከተደባለቀ በኋላ ከዚያው ተከፍሎ ለሁለቱም ይላክ።

ቀጥሎ ውጤቱ የተሰላው በእርጥቡ ወይስ በደረቁ ክብደት እንደሆነ ይጠይቁ። ከእርጥቡ ቀንድ 70 በመቶው ውሃ ነው ብንል፣ በእርጥቡ ክብደት በግራም 3 ናኖግራም (ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው) የተባለው በደረቁ ሲሰላ 10 ናኖግራም ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ሁለት ትክክለኛ ውጤቶችን ሊያራርቅ ይችላል።

ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ብዙውን ጊዜ የመለኪያ ዘዴው ነው። በአንቲቦዲ (የተፈለገውን ሞለኪውል ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) የሚሠራው የኤላይዛ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም፣ አንቲቦዲው ከተፈለገው ሆርሞን ጋር ከሚመሳሰሉ ሌሎች ስቴሮይዶችም ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል፣ በናሙናው ውስጥ የቀረው ቅባትም ንባቡን ስለሚያዛባ፣ ለደም የተዘጋጀን የመመርመሪያ ኪት እንዳለ ለቀንድ ዱቄት መጠቀም አያስተማምንም። እኔ የምመክረው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊን ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር ያጣመረውን ዘዴ ነው፤ ሞለኪውሎቹን ከለያየ በኋላ እያንዳንዱን በክብደቱና በስብርባሪዎቹ ይለያል። እዚህም ቢሆን ላቦራቶሪው በከባድ ሃይድሮጅን ምልክት የተደረገበትን ተመሳሳይ ሆርሞን ገና ከመጀመሪያው ናሙናው ላይ መጨመሩን ያረጋግጡ፤ ቅባቱ ሲወገድ የባከነው መጠን የሚታረመው በዚያ ነው።

ኢስትራዲዮል እጅግ አነስተኛ ስለሆነ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሊደርስዎ ይችላል። ይህ ከመሣሪያው የመለየት ወሰን በታች ነው ማለት እንጂ ፈጽሞ የለም ማለት ስላልሆነ፣ ወሰኑ በቁጥር ይጻፍልዎ።

ቴስቶስትሮኑ ከወትሮው ከፍ ካለ የቆረጡበትን ቀን መለስ ብለው ይመልከቱ። ለጋው ቀንድ የሚያድገው ይህ ሆርሞን ዝቅ ባለበት ወቅት ነው፤ የመራቢያው ወቅት ሲቃረብ ሆርሞኑ ይጨምራል፣ ቀንዱ ይጠነክራል፣ ቆዳውም ይላጣል። በቀይ አጋዘን ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው አሮጌው ቀንድ ከወደቀ ከ55 እስከ 65 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር የእንስሳውን ዕድሜ፣ የተቆረጠበትን ቀንና የማድረቂያውን ሙቀት መዝግበው ይላኩ፤ ከዱቄቱም ጥቂቱን አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ አቀዝቅዘው ያስቀምጡ፤ ገዢው ውጤቱን ከተከራከረ የሚደገመው በዚያው ዱቄት ነው።