ትንሹን ኮረብታ ብቻችሁን ውጡ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሥነ ምድር ሙያ ነው። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ስኮትላንድ የምትመጡ ልጆች የዕረፍት ቀናችሁን በምን እንደምታሳልፉ ስትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ትንሽ ኮረብታ ምረጡና ብቻችሁን ውጡ።

«ብቻችሁን» ስል ፊታችሁ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላና ብቻውን የሚሄድ ሰው «ምን ነካው?» ይባላል። ይህ መተሳሰባችን ይቆይልን። ነገር ግን በቡድን ስንሄድ መንገዱን የሚመርጠው ከፊት ያለው ሰው ነው፤ ሌሎቻችን ተረከዙን እያየን እንከተላለን። በሙያዬ ዕውቀታቸው የተሟላ፣ አለቃ ሳይናገር ግን አንድ ቃል የማይወጣቸው ብዙ ጎበዝ ወጣቶች አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ጉም እየወረደ «ልቀጥል ወይስ ልመለስ?» ስትሉ የምታማክሩት ሰው ከሌለ፣ መልሱን የግድ ራሳችሁ ትሰጣላችሁ። ይህን መለማመድ ያለባችሁ ስሕተት ብዙ በማያስከፍልበት ቦታ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮኒክ ሂልን እመርጥላችኋለሁ። ከግላስጎው እስከ ባሎክ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ወዳለችው ባልማሃ መንደር ትደርሳላችሁ። የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት ሳታረጋግጡ ግን አትነሡ። ቅዳሜና እሁድ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም፤ ለጀማሪ ይህ መልካም ነው።

የኮረብታው ከፍታ 361 ሜትር ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ቁጥሩ ምንም ላይመስለው ይችላል። አትናቁት። ያላችሁት 56ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው፤ ከአትላንቲክ የሚነሣው ንፋስ የረጠበ ልብስ ካገኘ በበጋቸውም ያንቀጠቅጣል። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ያዙ። ስልካችሁን ለክፉ ቀን ቆጥቡት፤ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት ከባልማሃ እስከ ጫፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እናንተ ግን በእጥፍ አስቡት። ከዚያ የት ደርሳችሁም ቢሆን የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ሳላችሁ በወረቀት ጻፉ። የደከመ ሰው ጫፉ ቅርብ ሲመስለው ራሱን ያታልላል፤ ያን ጊዜ የሚታዘዘው ጠዋት በሰከነ አእምሮ የወሰነውን ነው።

ለመጤ የሚከብድ ሌላም ነገር አለ፤ «የሰው መሬት ረገጥክ ብለው ያባርሩኝ ይሆን?» የሚለው ስጋት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ በሜዳውና በኮረብታው የመሄድ መብት ሰጥቶታል። አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ሂዱ። ዝግ ያገኛችሁትን በር ካለፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ዝጉ፣ በጎቹን አታስደንግጡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

ጫፉ አካባቢ ስትደርሱ ቁጭ በሉ። በቡድን የመጣው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይወርዳል፤ እናንተን የሚያጣድፍ የለም። ከመሬት ብቅ ያለውን ድንጋይ ጎንበስ ብላችሁ ዳብሱት። በቀላ አሸዋ ውስጥ ተጣብቀው የቀሩ ድብልብል ጠጠሮች ከጣታችሁ ሥር ይመጣሉ። ይህ የድንጋይ ዓይነት ኮንግሎሜሬት ይባላል፤ ጠጠሮቹ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወንዝ ያንከባለላቸው ናቸው። አሁን ወደ ሐይቁ ተመልከቱ። ኢንችካሎክ፣ ቶሪንች፣ ክሪንችና ኢንችመሪን የተባሉት ደሴቶች ከተቀመጣችሁበት ኮረብታ ጋር በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ይህ መስመር ስኮትላንድን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ባሕር የሚያቋርጠው ታላቅ የመሬት ስንጥቅ ነው። በስተሰሜን 974 ሜትር የሚረዝመው ቤን ሎሞንድና ተራሮቹ፣ በስተደቡብ ለጥ ያለ የእርሻ መሬት። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ይህን ማየት ሊያስደስታችሁ ይገባል፤ የእኛው ዛሬም እየሰፋ ነው፣ ይህኛው ግን አርጅቶ ረግቷል። መጻሕፍት ከሚነግሯችሁ በፊት መስመሩን በራሳችሁ ዓይን ብታገኙት ደስታው ልዩ ነው።

ከወረዳችሁ በኋላ እግራችሁ ላይ መዥገር እንዳለ ፈትሹ፤ ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

በመጨረሻ፣ ጠዋት ስትነሡ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ስትወርዱም ደውሉለት። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ ፖሊስ፣ ቀጥሎም የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙት። በሌሊትና በዝናብ የሚወጡት ነፍስ አድኖች አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። «በሰላም ወርጃለሁ» ብሎ መደወል የረሳ ልጅ እነዚህን ሰዎች ከመኝታቸው ያስነሣል።