አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወጌሻ ይቅርብሽ

እህቴ፣ ሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ቁርጥማት) አለብኝ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጎንደር ከገባሁ ወዲህ ግራ ባቴ አብጧል፣ ወጌሻ ይሻለኛል ወይስ ሐኪም ብለሽ ጠይቀሻል። ወጌሻውን ተዪው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። እኔም ያንቺው በሽታ ነው ያለብኝ፣ መንገዱም ያው ነው። አዘዞ ስንደርስ ጫማዬ አልገባ አለኝ።

1. «ቁርጥማትሽ ነው» ቢሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። የኛ በሽታ መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም የሚያስቆጣው፤ ደምንም ለመርጋት ያመቻቸዋል። አደጋው ከሌላው ሰው ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ሉፐስ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ) እና የቆየ የአንጀት መቆጣት ያለባቸውም እንደኛው ለመርጋት የተጋለጡ ናቸው። ሕመሙ ሲነሳብሽ ይብሳል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ሲጨመርበት አስቢው። ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት) ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው።

2. ዶፕለር አልትራሳውንድ (ደም ሥር ውስጥ ደም ሲፈስ የሚያሳይ ምርመራ) ይታዘዝልኝ በዪ። እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) ያየኝ ባለሙያ እግሬን እንኳ አልነካም። «የቆየ ቁርጥማት አለብሽ አይደል? እሱ ነው» ብሎ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጻፈልኝ። ቁርጥማቴንማ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም እጄን ነው የሚይዘኝ፣ ይሄ ግን አንድ ባት ነው፣ ያውም ይፋጃል አልኩት። «ሐኪሟ አንቺ ነሽ እኔ?» አለኝ። ካርድ ክፍሏ ልጅ ሳቀች።

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ወጌሻ አስጠርታ ቅቤ እያሞቀች ነው። ጤና የሚማረው የአክስቴ ልጅ ባይደርስ ኖሮ! «እንዳትነኳት» ብሎ ጮኸ። የረጋ ደም ሲታሽ ተላቆ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላላ።

ሆስፒታል አልትራሳውንድ ያነሳኝ ዶክተር ባቴን ጫን ጫን እያደረገ ስክሪኑን አሳየኝ። ጤነኛ ደም ሥር ሲጫኑት ይጨፈለቃል። የኔ ንቅንቅ አላለም፣ ደም ረግቶበት ነበር። ከጉልበት ጀርባ ያለ የፈሳሽ ከረጢት ፈንድቶም እግር ልክ እንዲህ ሊያብጥ ይችላል፣ በዓይን አይለይም። ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ አለ ብለው እሱን ብቻ ይዘው እንዳይፈርዱብሽም፤ በኛ በሽታ ያለ መርጋትም ከፍ ይላል።

ውጤቱን ይዤ ክሊኒኩ ተመልሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። የመርፌውን ገንዘብ ግን አስመልሻለሁ!

3. መርጋት ከተገኘብሽ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱ ቢያንስ 3 ወር ነው። የታዘዘልሽ ማቅጠኛ ዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአር የሚባለውን፣ ደምሽ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካውን ምርመራ አታቋርጪ፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ክልክል አይደለም፣ ግን በጾም በየቀኑ፣ በፍስክ ጭራሽ አይሆንም፤ መጠኑን አታለዋውጪ። ቁርጥማቱ ሲብስብሽ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተሽ አትዋጪበት፣ ደም ያፈስሳል። እርግዝና ካሰብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል።

ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ደም ካሳለሽ ግን የካርድ ወረፋ ብሎ ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ አስጠርተሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።