የገና ሰሞን ሩጫና የነቢያት ጾም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ። የነቢያትን ጾም ኅዳር 15 በደስታ እጀምረዋለሁ። ከዚያ የሥራ ቦታው ግብዣ፣ የስጦታ ግዢው፣ የልጆቹ የገና ዛፍ ጥያቄ፣ ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ሲደራረብብኝ ጾሙ የምግብ ለውጥ ብቻ ሆኖ ያልቃል። የሥራ ባልደረቦቼ ዲሴምበር 25 ቀን አክብረው ሲጨርሱ እኔ ዝያለሁ፤ የእኛ ገና ደግሞ የሥራ ቀን ላይ ይውላል። ልቤን እንዴት ልሰብስብ? ግብዣው ላይ መገኘቴስ ኃጢአት ይሆንብኛል? ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውልስ ይበላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። በሥራ የባከነችውን ማርታንና ቃሉን ልትሰማ በጌታ እግር ሥር የተቀመጠችውን ማርያምን ጠቅሼ እንደማልገሥጽሽ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሥራ የበዛባት ሴት በጠየቀች ቁጥር የሚነገራት እርሱ ስለሆነ ሳትሰሚው አልቀረሽም።

ጌታ የተወለደበት ሰሞን ራሱ ግርግር የበዛበት ነበር። ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደሚነግረን አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ ሁሉ እንዲጻፍ አዝዞ ሰው ሁሉ ወደየከተማው ይጎርፍ ነበር፤ ለእመቤታችንም በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አልተገኘም። መልአኩ የምሥራቹን ያበሠራቸው እረኞችም መንጋቸውን በሌሊት ይጠብቁ ነበር። እንደ አንቺ የሌሊት ተረኞች ነበሩ ማለት ነው። የተገኙትም በሥራቸው ላይ ነው።

በማቴዎስ ምዕራፍ 2 ደግሞ ሌሎች ሰዎች አሉ። ሄሮድስ ክርስቶስ ወዴት እንደሚወለድ ሲጠይቅ የካህናት አለቆችና ጻፎች ጥቂትም ሳይቸገሩ የሚክያስን ትንቢት ጠቅሰው «በይሁዳ ቤተ ልሔም» አሉት። ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም የሁለት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ናት። ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ እንደ ሄደ ወንጌሉ አይናገርም፤ የሄዱት ከሩቅ ምሥራቅ የመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው። ጥቅስ በቃላችን ለምንወጣ ለእኛ ለመምህራን ይህ ክፍል ያስፈራል። ሥራሽ ከልደቱ እንዳራቀሽ አድርገሽ አትቁጠሪ።

ጾሙን የምግብ ለውጥ ብቻ ያደረገብሽ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ምን እየጠበቅን እንደምንጾም መዘንጋቱ ነው። ኢሳይያስ «ሰማያትን ቀድደህ ምነው ብትወርድ!» ብሎ ጮኋል፤ ዳዊትም «እጅህን ከአርያም ላክ» ብሎ ለምኗል። የእነርሱን ናፍቆት ይዘን ነው የምንጾመው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ናፍቆት በሰንበታት ከፋፍላ ሰጥታናለች፤ ብዙዎቻችን ግን ስማቸውን እንኳ ሳናስተውል እናልፋቸዋለን። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ጊዜ የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፤ ነቢያት የሰበኩት መምጣቱ የሚታሰብበት ነው። ከ14 እስከ 20 የሚውለው ብርሃን ነው፤ «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» የሚለው የዳዊት ልመና ይዘመርበታል። ከ21 እስከ 27 የሚውለው ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ፣ ነው፤ «የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ» እያልን ስለ መልካሙ እረኛ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እናነባለን።

እንግዲህ ዲሴምበር 25 የሚውለው በብርሃን እሑድ ዙሪያ ነው። የሰፈርሽ ቤቶች ሁሉ በመብራት በሚያሸበርቁበት ሳምንት ቤተ ክርስቲያንሽ «ብርሃንህን ላክ» እያለች ነው። ልጆችሽ በመኪና መስኮት መብራቱን እያዩ ሲደነቁ አትቆጫቸው፤ እኛስ በዚህ ሳምንት የምንለምነው የትኛውን ብርሃን እንደሆነ ንገሪያቸው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ያቺን አንዲት የመዝሙር ጥቅስ አብራችሁ በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእረኛውን። ለልጅ ከረጅም ስብከት ይህ ይበልጥበታል።

ዛፉን በተመለከተ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አይደለም፤ ለእርሱ ብለሽ ግን ቤትሽን የጠብ ቤት አታድርጊው። ልጆችሽ የዛፉን ጌጥ አውቀው የግርግሙን ሕፃን ሳያውቁ ቢያድጉ ነው የማዝነው።

ወደ ግብዣው ሂጂ። የጾም ምግብ ካለ ብዪ፤ ከሌለ ሻይ ጠጥተሽ ተጫውተሽ ተመለሽ። ጾመኛ መሆንሽን ማወጅ አያስፈልግም፤ ጌታ በማቴዎስ 6 «ስትጾሙ አትጠውልጉ» ብሏልና። ቀናቸውንም አትንቀፊ። የእኛ ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው፤ የ13 ቀኑ ልዩነት የመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው፤ የተወለደው ግን አንዱ ጌታ ነው። የጾሙን ሰዓት ከሌሊት ሥራሽ ጋር እንዴት እንደምታስማሚው ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። አቅምሽንና ጤንነትሽን አይተው ይወስኑልሻል፤ በራስሽ አትቀንሺ፣ በራስሽም አትጨምሪ።

ለጸሎት ጊዜ የለኝም እንደምትዪ እገምታለሁ። ውዳሴ ማርያም፣ ማለትም የእመቤታችን የምስጋና ጸሎት፣ በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የአንዱ ቀን ክፍል አጭር ነው፤ ተረኛነትሽ ከመጀመሩ በፊት መኪናሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ታደርሺዋለሽ። የሰኞው ክፍል የሚጀምረው ጌታ ልቡ ያዘነና የተከዘ አዳምን ነጻ ሊያወጣው መውደዱን በመናገር ነው። ለደከመ ሰው ከዚህ የሚስማማ መነሻ አላውቅም።

ወደ አገር ቤት የምትልኪው ገንዘብ መልካም ነው። ሆኖም የምትችዪውን አስቀድመሽ ወስነሽ በጊዜ ላኪ፤ ለበግና ለዶሮ ብለሽ በክሬዲት ካርድ ዕዳ አትግቢ። ወንድም እኅቶችሽ ቢቀየሙም ይመለሳሉ። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እውነተኛውን ጾም እንጀራን ለራብተኛ መቁረስ ይለዋል፤ ስለዚህ ከላክሽው ላይ ጥቂቱን በሰፈሩ የሚጦረው ለሌለው አዛውንት አድርሱልኝ በያቸው።

የገናን ፈቃድ በመጨረሻው ሳምንት አትጠይቂ፤ ኅዳር ላይ፣ ጾሙ ሲገባ ጠይቂ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቢሆንም በምትኖሪበት አገር አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 አይለወጥብሽም፤ ስለዚህ ከዓመት በፊትም ማስመዝገብ ትችያለሽ። ዶሮውን ለመሥራት ብለሽ ሌሊቱን ከምድጃ ጋር አትደሪ፤ ወጡ ለማግስቱ ይደርሳል፣ ቅዳሴው ግን አይጠብቅሽም። ልጆቹንም እንቅልፍ ቢወስዳቸውም በነጠላ ጠቅልለሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ፈቃዱ ጭራሽ ካልተገኘ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ፤ ወር በገባ በ29 በዓለ ወልድ፣ ማለትም የጌታ ወርኃዊ በዓል፣ ይታሰባል፤ ጥር 29 ቀን ቅዳሴ አስቀድሺ።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን በተመለከተ፣ ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ጥምቀትም እንዲሁ ነው። የሚፈሰከው ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው።